ድንበር የማያውቅ ደመና

ትምህርት ዐሥራ አራት

የመግቢያ ጥያቄዎች

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. እሳተ ገሞራ ምንድን ነው? በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች የሚገኙ የምታውቋቸውን እሳተ ገሞራዎች ጥቀሱ።
2. በምድር ላይ የሚነፍሰው ነፋስና ከፍ ባለው ሰማይ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነፍሳሉ ትላላችሁን?

ምንባብ

ገዳሪፍ የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ ድንበሩን የተሻገረ መንገደኛ በገላባት ገብቶ፣ ዶካን አልፎ ገዳሪፍ ይደርሳል። አገሩ ሰፊ ሜዳ፣ መሬቱም ጥቁር አፈር በመሆኑ ማሽላና ሰሊጥ በብዛት ይመረትበታል። በአረምና በአጨዳ ወራት ከኢትዮጵያ ወገን ብዙ ሠራተኞች ወደዚህ ሜዳ ሲሻገሩ ኖረዋል። ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚነሡት ወንዞችም እንዲሁ ድንበሩን ያቋርጣሉ፤ ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ፣ ተከዜ ደግሞ በታችኛው ጉዞው ሰቲት እየተባለ ይጠራል።

ይህን ድንበር የሚሻገረው ግን በምድር ላይ የሚታየው ሰውና ወንዝ ብቻ አይደለም። ከገዳሪፍ በስተ ምሥራቅ፣ ከሞላ ጎደል በዚያው ኬክሮስ ላይ፣ በአፋር ምድር የእሳተ ገሞራ ተራሮች ይገኛሉ። ከእነዚህ ተራሮች አንዱ ሲፈነዳ ወደ ሰማይ የሚተፋውን አመድ ነፋስ ተሸክሞ ከአገር ወደ አገር ያደርሰዋል። አመዱም በኬላ አይቆምም።

እሑድ ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ማታ በደቡብ ኤርትራ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ፣ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። እኩለ ሌሊት ገደማም 2,218 ሜትር ከፍታ ያለው ናብሮ የተባለው ተራራ ፈነዳ። ናብሮ ከዚያ ቀን በፊት ስለ መፈንዳቱ በታሪክ የተመዘገበ ነገር አልነበረም። አመድ፣ የውኃ እንፋሎትና ጋዝ የተቀላቀሉበት ደመና ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ወጣ። በተራራው አካባቢ ይኖሩ ከነበሩት አፋሮች የሞቱ ነበሩ፤ በሺህ የሚቆጠሩትም ቀያቸውን ጥለው ሸሹ።

በማግሥቱ ደመናው በኤርትራና በሰሜን ኢትዮጵያ ላይ አልፎ ገዳሪፍና ከሰላ ወደሚገኙበት ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሰማይ ዘለቀ። ወደ አዲስ አበባና ወደ ካርቱም ይደረጉ ከነበሩት በረራዎች አንዳንዶቹ ተሰረዙ። ለሥራ ጉብኝት አዲስ አበባ የነበሩት የዚያን ጊዜዋ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተንም በዚሁ ደመና ምክንያት ጉብኝታቸውን አሳጥረው ሰኔ 6 ቀን ከኢትዮጵያ ወጡ።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተሠራጨው ወሬ ስለ ተራራው የተናገረው ግን ስሕተት ነበር። የፈነዳው ዱቢ ነው ተባለ። ዱቢ ከናብሮ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ሌላ እሳተ ገሞራ ነው። በ1853 ዓ.ም. ፈንድቶ ከ100 በላይ ሰዎችን ስለ ገደለና አመዱም እስከ 300 ኪሎ ሜትር ድረስ ስለ ደረሰ ስሙ በመዝገብ ይታወቅ ነበር። ከጠፈር የተነሡት ፎቶግራፎች በሚገባ ከተመረመሩ በኋላ ግን የፈነዳው ናብሮ መሆኑ ተረጋገጠ። ስሕተቱ ሊፈጠር የቻለው በናብሮ ዙሪያ አንድም የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ ስላልነበረ ነው። ባለሙያዎች 8 መሣሪያዎችን የተከሉት ተራራው ከፈነዳ በኋላ ነበር። 25 ኪሎ ሜትር ለአውሮፕላን የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። በተራራው ግርጌ ለሚኖር አርብቶ አደር ግን በየትኛው አቅጣጫ መሸሽ እንዳለበት የሚለይበት፣ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ አመድ አውሮፕላንን የሚያህል ነገር እንዴት ሊጎዳ ይችላል? የእሳተ ገሞራ አመድ በምድጃ ውስጥ ከእንጨት እንደሚቀረው አመድ ለስላሳ አይደለም። እጅግ ደቆ የተፈጨ ድንጋይና መስታወት ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ስለታም ጠርዝ አለው፤ በውኃም አይሟሟም። ቅንጣቶቹ በከፍተኛ ፍጥነት ከሚበርር አውሮፕላን ጋር ሲጋጩ የፊቱን መስተዋት እንደ አሸዋ ወረቀት ፍቀው ያደበዝዙታል። ፍጥነትን የሚለኩትንም ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በሞተሩ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። አመዱ በ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። የጄት ሞተር ውስጠኛ ክፍል ሙቀት ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ አመዱ ከአየሩ ጋር ተስቦ ሞተሩ ውስጥ ሲገባ ይቀልጥና በሚሽከረከሩት የብረት ምላሶች ላይ እንደ መስታወት ይጋገራል። የአየሩ መተላለፊያ ይጠብባል፤ ሞተሩም አየር አጥሮት ይጠፋል።

ይህ በአሳብ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ሰኔ 17 ቀን 1974 ዓ.ም. ሌሊት ከኩዋላ ላምፑር ወደ አውስትራልያ ይበርር የነበረ አንድ የእንግሊዝ ቦይንግ 747 አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ላይ ሲያልፍ ጋሉንጉንግ ከተባለው እሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ውስጥ ገባ። አራቱም ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ። ከ240 በላይ መንገደኞችን የያዘው አውሮፕላን ከ11,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሞተር እየተንሳፈፈ ቁልቁል ወረደ። ከአመዱ ሲወጣና ሞተሮቹ ሲቀዘቅዙ የተጋገረው መስታወት ተሰነጣጥቆ በመርገፉ አብራሪዎቹ ሞተሮቹን እንደገና ለማስነሣት ቻሉ። ጃካርታ ላይ ያረፉትም የፊቱ መስተዋት ከመፋቁ የተነሣ ወደ ፊት ማየት እየተሳናቸው ነበር። ታኅሣሥ 6 ቀን 1982 ዓ.ም. ደግሞ 245 ሰዎችን የያዘ የኔዘርላንድ አውሮፕላን በአላስካ ከሪዳውት ተራራ የወጣ አመድ ውስጥ ገብቶ አራቱም ሞተሮቹ ጠፉ። ሞተሮቹ የተነሡት አውሮፕላኑ ከ4,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ከወረደ በኋላ ነበር። በሁለቱም አደጋዎች የሞተ ሰው የለም። ነገር ግን አብራሪዎቹ አመዱ ያለበትን ቦታ አስቀድሞ በትክክል የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ወደዚያ ደመና ባልገቡም ነበር።

አብራሪው ራሱ አመዱን አይቶ ሊሸሽ አይችልምን? በቀን ሲሆን ምናልባት ያየው ይሆናል። በሌሊት ግን ደመናው ከጨለማው አይለይም። በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ የሚገኘው ራዳር የሚያሳየው የዝናብ ጠብታና የበረዶ ጠጠር ያለበትን ደመና ነው፤ የአመዱ ቅንጣቶች እጅግ ደቃቃ ስለሆኑ በራዳሩ ላይ አይታዩም። በመሆኑም የአብራሪው ዓይን መሆን ያለበት ሌላ ነው።

ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚያከናውኑት በጠፈር ላይ ያሉ ሳተላይቶች ናቸው። ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኙት የሚቴዎሮሎጂ ሳተላይቶች የአፍሪካን ሰማይ በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ከምድር የሚወጣው የሙቀት ጨረር በውኃ ደመናና በአመድ ደመና ውስጥ ሲያልፍ የሚቀረው መጠን የተለያየ ነው። ባለሙያዎች ይህን ልዩነት በመለካት በሌሊትም ቢሆን አመዱን ከተራው ደመና ይለያሉ። ከአመዱ ጋር የሚወጣውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝም ይከታተላሉ። ናብሮ የተፋው ይህ ጋዝ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ እንደ ነበረ የታወቀው በዚህ ዓይነት ልኬት ነው።

የታየው ነገር ካልተነገረ ግን አይጠቅምም። በመሆኑም ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው ሥርዓት መሠረት ዓለም በዘጠኝ የእሳተ ገሞራ አመድ ማስጠንቀቂያ ማዕከሎች ተከፋፍላለች። የአፍሪካን ሰማይ የሚከታተለው ማዕከል በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ ይገኛል። ማዕከሉ የአመድ ደመና ሲያይ ደመናው የሚገኝበትን ቦታና ከፍታ፣ እንዲሁም ከ6፣ ከ12 እና ከ18 ሰዓት በኋላ የሚደርስበትን ቦታ ተንብዮ ያስታውቃል። ይህንንም ቢያንስ በየ6 ሰዓቱ ያድሳል። ማስታወቂያውን የተቀበለው የየአገሩ የሚቴዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ለራሱ የአየር ክልል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የበረራ ተቆጣጣሪዎችም ለአብራሪዎች ያስተላልፋሉ፤ አውሮፕላኖቹም ደመናውን ዞረው ያልፋሉ ወይም ከመነሣታቸው በፊት ይቆማሉ። አብራሪዎችም በበኩላቸው በበረራ ላይ ያዩትን ጢስና አመድ የማስታወቅ ግዴታ አለባቸው።

ለዚህ ሥራ የፍጥነትን አስፈላጊነት አንድ ስሌት ያሳየናል። ከናብሮ እስከ ገዳሪፍ በቀጥታ መስመር ወደ 680 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ አመዱን ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ገዳሪፍ ላይ ያደርሰዋል። በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር የሚበርር አውሮፕላን ግን ይህንኑ መንገድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከገዳሪፍ ሰማይ ወደ ምሥራቅ የሚበርር አብራሪ ማስጠንቀቂያው በአንድ ሰዓት ቢዘገይበት ከአደጋው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል።

አመዱ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ደግሞ የነፋስን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። በክረምት ወራት የገዳሪፍ ገበሬ ፊቱን የሚመታው ዝናብ አዘል ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። ይህ ገበሬ በናብሮ አመድ ቢጠየቅ፣ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ስለሚገፋው ወደ እኛ አይመጣም ብሎ ሊመልስ ይችላል። ነገር ግን በዚያው ወቅት ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ባለው ሰማይ ኃይለኛ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። የሰኔው የናብሮ አመድ ወደ ሱዳን የሄደውም ከዚህ የተነሣ ነው። በበጋ ወራት ነገሩ ይገለበጣል፤ በከፍታ ላይ ያለው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሆናል።

ይህም እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በዚያ ቀን በኢትዮጵያ አፋር ክልል፣ ከኤርታሌ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከዚያ በፊት ስለ መፈንዳቱ የተመዘገበ ነገር አልነበረም። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ። በቅርብ የሚገኙት የአፍዴራ መንደሮች በአመድ ተሸፈኑ፤ የከብቶች ግጦሽም ተበላሸ። ሃይሊ ጉቢ እንደ ናብሮ ከገዳሪፍ በስተ ምሥራቅ የሚገኝ ቢሆንም ደመናው በዚህ ጊዜ ወደ ሱዳን አልዞረም። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን ላይ ካለፈ በኋላ በማግሥቱ ፓኪስታንና ህንድ ደረሰ፤ የህንድ አየር መንገዶችም በረራዎችን ሰረዙ። ሁለቱ ተራሮች ጎረቤታሞች ሲሆኑ አንዱ ምዕራቡን፣ ሌላው ምሥራቁን ያስጨነቀው በወቅቱ ነፋስ ምክንያት ነው።

ማስጠንቀቅ ራሱን የቻለ ኃላፊነት አለበት። ከዘገየ ሕይወት ያጠፋል፤ ከመጠን ካለፈ ደግሞ ኑሮ ያናጋል። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. በአይስላንድ አገር የኤያፍያትላዮኩትል እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አብዛኛው የአውሮጳ ሰማይ ለ6 ቀናት ያህል ተዘጋ። ወደ 100,000 የሚጠጉ በረራዎች ተሰረዙ፤ 10 ሚሊዮን ያህል መንገደኞችም ተጉላሉ። ከዚያ በኋላ በአውሮጳ ባለሙያዎች የአመዱን መኖር ብቻ ሳይሆን በአየሩ ውስጥ ያለውን መጠንም መተንበይ ጀመሩ። ዓላማውም አደገኛውን ሰማይ ዘግቶ ደኅነኛውን ክፍት ለማድረግ ነው።

ሳተላይት ግን የሚያየው ከተራራው የወጣውን ነው። ሊወጣ የተዘጋጀውን ለማወቅ በምድር ላይ የሚጠብቅ ያስፈልጋል። በብዙ አገሮች እሳተ ገሞራን የሚከታተሉ መሥሪያ ቤቶች የተራራውን ሁኔታ በአራት ቀለማት ለአብራሪዎች ያስታውቃሉ። አረንጓዴ ሲሆን ተራራው ጸጥተኛ ነው፤ ቢጫ ሲሆን ያልተለመደ ምልክት ታይቷል፤ ብርቱካናማ ሲሆን ለመፈንዳት ተቃርቧል ወይም ጥቂት አመድ ያለው ፍንዳታ ጀምሯል፤ ቀይ ሲሆን ብዙ አመድ የሚወጣበት ፍንዳታ ደርሷል ወይም ሊደርስ ነው። ነገር ግን መሣሪያ በሌለበት ተራራ ላይ ቢጫውን የሚያበራ የለም፤ የመጀመሪያው ምልክት ቀይ ይሆናል። እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ያስታውሳል።

በኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚከታተለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና የሥነ ፈለግ ተቋም ነው። ሆኖም በአፋር ያሉት እሳተ ገሞራዎች ብዙ፣ አገሩም ሞቃትና መንገድ የማይበዛበት በመሆኑ እያንዳንዱን ተራራ በመሣሪያ ማጠር ቀላል አይደለም። ስለዚህ በተራራው ሥር ከብት የሚያግደው አርብቶ አደር ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ ጢስ ከአዲስ ስንጥቅ ሲወጣ ወይም ዛፍ ያለ ምክንያት ሲደርቅ አይቶ ለቅርብ አስተዳደር መናገሩ ትልቅ ጥቅም አለው። የተናገረውንም የሚሰማና ለሚመለከተው የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ወሬ ከአፋር መንደር ተነሥቶ በአዲስ አበባና በቱሉዝ በኩል በገዳሪፍ ሰማይ ላይ ለሚበርረው አብራሪ በጊዜ ከደረሰ፣ ሁለቱ ሰዎች ሳይተያዩ አንዱ የሌላውን ነፍስ አዳነ ማለት ነው።

የቃላት ፍቺ

ኬክሮስ፦ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን ርቀት የሚያመለክት መስመር
ኬላ፦ መንገደኛና ዕቃ የሚፈተሽበት ቦታ
ጨረር፦ ከሙቀት ወይም ከብርሃን ምንጭ የሚወጣ ኃይል
ደቃቃ፦ እጅግ ትንሽ፣ የላመ
ተንብዮ፦ ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ ተናግሮ
የአየር ክልል፦ አንድ አገር በረራን የሚቆጣጠርበት ሰማይ

መልመጃ አንድ

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. በሰኔ 2003 ዓ.ም. የፈነዳው ተራራ መጀመሪያ ማን ነው ተባለ? ስሕተቱ የተፈጠረው ለምንድን ነው?
2. የእሳተ ገሞራ አመድ ከምድጃ አመድ በምን ይለያል?
3. በአመድ የጠፋ የአውሮፕላን ሞተር ከደመናው ሲወጣ እንደገና ሊነሣ የሚችለው ለምንድን ነው?
4. የናብሮ አመድ ወደ ምዕራብ፣ የሃይሊ ጉቢ አመድ ግን ወደ ምሥራቅ የሄደው ለምንድን ነው?
5. «መሣሪያ በሌለበት ተራራ ላይ የመጀመሪያው ምልክት ቀይ ይሆናል» ሲል ጽሑፉ ምን ማለቱ ነው?

መልመጃ ሁለት

ምሳሌውን ተመልክታችሁ የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አሟሉ።

ምሳሌ፦ በናብሮ ዙሪያ መሣሪያ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ የተራራው ስም ባልተሳሳተ ነበር።

1. አብራሪዎቹ አስቀድሞ ተነግሯቸው ቢሆን ኖሮ ________________።
2. ናብሮ የፈነዳው በኅዳር ወር ቢሆን ኖሮ ________________።
3. ራዳሩ አመዱን ማሳየት ቢችል ኖሮ ________________።

መልመጃ ሦስት

1. «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት በምንባቡ ውስጥ የገባበትን ምክንያት በቃል አስረዱ። ተመሳሳይ መልእክት ያላቸውን ሌሎች ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ከወላጆቻችሁ ወይም ከአካባቢያችሁ ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉ።
2. በአካባቢያችሁ ጎርፍ፣ አንበጣ ወይም ሌላ አደጋ ሲመጣ ወሬው ከማን ተነሥቶ፣ በማን በኩል፣ ለማን እንደሚደርስ አጥኑ። የሚዘገይበት ቦታ የት እንደሆነና እንዴት ሊታረም እንደሚችል በሦስት አንቀጽ ድርሰት ጽፋችሁ በክፍል ውስጥ አንብቡ።